ወሬ የማይጠየቀው ሰው

ነገሌ ቦረና ገበያ፣ ከጨርቅ ሻጮቹ ተራ ጫፍ ላይ፣ ራሺድ ሺሬ የሬዲዮ መጠገኛ ሱቁን ከፍቶ ይቀመጣል። የሚያልፈው ሁሉ ሰላም ይለዋል። «አካም?» ይሉታል፤ «ናጋ» ይላል፣ ሰላም ነው ለማለት፤ እነሱም «ናጋ» ብለው መንገዳቸውን ይቀጥላሉ። ከሰላምታው በኋላ መምጣት ያለበት አንድ ቃል ግን አይመጣም። «ኦዱ?» የሚለው የለም። ወሬ ምን አለ ብሎ የሚጠይቀው ሰው የለም።

ለደጋ ሰው ይህ እረፍት ሊመስለው ይችላል። ደገኛ «ወሬኛ» ሲሉት ይቆጣል፤ «እኔ ወሬ አልወድም» ሲል ደግሞ ጨዋነቱን መመስከሩ ነው። ቆላው ሌላ ነው። ዝናቡ የት እንደጣለ፣ ሣሩ የት እንደበቀለ፣ የትኛው ጉድጓድ እንደነጠፈ ያልሰማ ከብት አርቢ ከብቱን ለሞት ይነዳል። ስለዚህ ሁለት ሰው መንገድ ላይ ከተገናኘ፣ ቢቸኩልም ባይተዋወቅም፣ ዱላውን ተደግፎ ይቆማል፤ አንዱ ያየውን ሁሉ ይናገራል፣ ሌላውም በተራው ያየውን ይሰጣል። የተጠየቀ አይከለክልም። የከለከለ ሰው አይደበደብም፣ አይሰደብም፣ ሽማግሌም አይቀመጥበትም። ዳግመኛ አይጠየቅም፣ በቃ። ራሺድ በዚያ አገር ዳግመኛ የማይጠየቅ ሰው ነው።

ድሮ እንዲህ አልነበረም። አባቱ ሺሬ ጨርቅና ስኳር የሚሸጥ፣ ቆዳና ቅቤ የሚገዛ፣ ሚዛኑ የታመነ ነጋዴ ነበር። እሱ ሲሞት ጨርቁን እናትየው መሱዳ ያዘች፤ ራሺድ ግን ከጨርቅ ይልቅ ሽቦ ይወድ ነበር። ከሶማሊያ ጦርነት በኋላ ከተማው ውስጥ ከሰፈረ አንድ የመገናኛ ወታደር ጥገና ተማረና ከእናቱ ሱቅ ጎን ጠባብ ክፍል ከፈተ። ደጃፉ ላይ ረጅም አግዳሚ ወንበር አኖረ። ያቺ አግዳሚ በገበያ ቀን ቦታ አይገኝባትም ነበር። አንዱ የተበላሸ ሬዲዮ ይዞ ይመጣል፣ ሌላው ሁሉ ባዶ እጁን ይመጣል። ራሺድ የጠገነውን ሊፈትሽ ሲከፍተው የአማርኛውንም የሶማሊኛውንም ዜና በኦሮምኛ እየመለሰ ይነግራቸዋል፤ እነሱም በተራቸው የአሬሮን፣ የዳዋን ወንዝ፣ የሞያሌን መንገድ ወሬ ያራግፉለታል። «የሬዲዮ መሣሪያ በየቦታው የተተከለ ቀን በዚህ አገር በወሬ እጦት የሚያልቅ ከብት አይኖርም» ይል ነበር። ከልቡ ነበር የሚለው።

ከአግዳሚዋ ደንበኞች ሁሉ የከበሩት አብዱባ ነበሩ። በአሬሮ መንገድ ባለው ሜዳ ከብት የሚያረቡ ቦረና ናቸው፤ የሺሬ ወዳጅ ነበሩ። ሺሬ የሞተ ጊዜ የምትታለብ ላም እየነዱ መጥተው ከመሱዳ ደጅ አሰሩና፣ «የወዳጄ ቤት ያለ ወተት አያድርም» ብለው ሻይ እንኳ ሳይጠጡ ተመለሱ። ራሺድ «አቦ» ይላቸዋል፤ አባቴ ማለት ነው። ከተማ በወጡ ቁጥር አግዳሚዋ ላይ ዱላቸውን ጉልበታቸው መሃል አቁመው ይቀመጡና፣ ሰላምታው ሲያልቅ፣ «እህ፣ ያ ጉርባ፣ ኦዱ?» ይሉታል፤ አንተ ልጅ፣ ወሬ ምን አለ ማለታቸው ነው። ራሺድ ለዚያ ጥያቄ ሲል ብቻ ሳምንቱን ሙሉ ወሬ ያጠራቅም ነበር።

ኩባንያው የመጣው በስድሳ አምስቱ ድርቅ ወላጅ ያጣ ልጅ ሁሉ ጎረምሳ በሆነበት ጊዜ ነው። ለቆላው ከተሞች የሬዲዮ መገናኛ እተክላለሁ ብሎ ከመንግሥት ጋር የተዋዋለ የውጭ ኩባንያ ነበር። ከአውሮፕላን ማረፊያው አጠገብ ሰፊ ግቢ አጠረ፤ ከመስጊዱም ከቤተ ክርስቲያኑም የሚበልጥ አንቴና አቆመ። ከተማው «የአንቴናው ግቢ» አለው። ከአዲስ አበባ የመጣው መሐንዲስ ሥዩም አንድ ቀን የተሰበረ ቴፕ ይዞ ራሺድ ሱቅ ብቅ አለ። ራሺድ ቴፑን እየጠገነ ሦስት ቋንቋ እያፈራረቀ ከሰው ሲያወራ ሥዩም ሰማው። በሳምንቱ ራሺድ የግቢው የሬዲዮ ኦፕሬተር ሆኖ ተቀጠረ።

«እዚህ በደንብ ከሠራህ ውጭ አገር ይልኩሃል» አለው ሥዩም። «ተምረህ ትመለሳለህ። አንተም እንደኔ መሐንዲስ ትሆናለህ።»

መሱዳ ሰምታ ሁለት እጇን ዘርግታ ዱዓ አደረገች። ራሺድም ሱቁን ሲቆልፍ ለአግዳሚዋ ደንበኞች፣ «አሁን እኮ ወሬውን ከምንጩ ነው የምቀዳላችሁ» አላቸው። ሳቁ፣ መረቁት። ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው።

ግቢው ውስጥ የገባ ሰው ሌላ አገር የገባ ይመስለዋል። ጄኔሬተሩ ያለማቋረጥ ያጓራል። የሚያጓራው ለሬዲዮው ብቻ መስሎት ነበር ራሺድ፤ ሬዲዮው ግን ትንሽ ነው የሚፈልገው፣ አብዛኛው የፈረንጆቹን ቢራ ለማቀዝቀዝና ክፍላቸውን ለማናፈስ ነበር። ቦቴ ከከተማው ጉድጓድ ውሃ እየቀዳ ይመጣል፤ በዚያ ውሃ ላንድሮቨሮቹ በየቀኑ ይታጠባሉ። እጣቢው በአጥሩ ስር አልፎ ወደ መንገዱ ሲፈስ ጀሪካን የያዙ ሴቶች ቆመው ያዩታል። ትንሿ አውሮፕላን ከአዲስ አበባ ሰላጣና አይብ ታመጣለች። ከቦሬ በየገበያው በጭነት መኪና የሚወርደው ጎመን እዚያው ከተማው ውስጥ እያለ ማለት ነው።

የምሳ ነገርማ ለብቻው የሚወራ ነው። ፈረንጆቹ በነፋሻው አዳራሽ ይበላሉ። የአዲስ አበባ መሐንዲሶች በሌላ ክፍል፣ በሌላ ሳህን፣ ሌላ ምግብ ይበላሉ። ሾፌሮቹና ዘበኞቹ ከግራሩ ስር አንድ ትሪ ከበው እየተሳሳቁ ይበላሉ። ራሺድ መጀመሪያ ወደ ግራሩ ሄደ፤ ሲቀመጥ ጨዋታው ቆመ፤ ዘበኛው ዳዳቻ ራሱ ተነሥቶ በአክብሮት ቦታ ለቀቀለት። የተከበረ ሰው ደግሞ ከወዳጆቹ ጋር እንዴት ይበላል? ወደ መሐንዲሶቹ ክፍል ሲሄድ ሥዩም አፍሮ፣ «የአንተን እዚያው ሬዲዮ ክፍል እንዲያመጡልህ ነግሬልሃለሁ» አለው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ራሺድ ምሳውን የሚበላው ከሬዲዮው ጋር ነበር። ሲያኝክ እንኳ የራሱ ድምፅ ብቻ ነው የሚሰማው። በሕይወቱ ብቻውን በልቶ አያውቅም ነበር።

ሥራው ጠዋት ጠዋት አሬሮን፣ ቦሬን፣ ዶሎን እየጠሩ ሰላም ማደራቸውንና የአየሩን ሁኔታ መጠየቅ ነው። አውሮፕላኗ የምታርፍበት ሜዳ ደረቅ ነው ወይስ ጭቃ፣ ደመና አለ ወይስ የለም። የቀረው ጊዜ በፈረንጆቹ መልእክት ያልቃል። ቢራ ላኩ፣ ፊልም ላኩ፣ የእገሌ ውሻ ታሟል፣ የቴኒሱ ኳስ ጠፋ። ያ ሁሉ ብረት፣ ያ ሁሉ ነዳጅ፣ የቴኒስ ኳስ ፍለጋ። ለአገሩ ሰው ይሰጣል የተባለው መገናኛ ከዓመት ዓመት «ሙከራ ላይ ነው» ይባላል። ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ ማለት ይሄ ነው።

ከሁሉ በላይ የከበደው ግን ክልከላው ነበር። ሥዩም በመጀመሪያው ቀን በሩን ዘግቶ ነገረው።

«ከዚህ ክፍል የሰማኸውን አንድ ቃል ከአጥር ውጭ አታወጣም። ድንበር ነው፣ ወታደሮቹ ፈቃዱን የሰጡን በዚህ ነው። አለቃው ደግሞ ሁሉም ነገር የኩባንያው ንብረት ነው ይላል፤ የአየሩ ሁኔታም ጭምር። አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም፣ ራሺድ።»

«ዝናብ መዝነቡም?» አለ ራሺድ።

«ዝናቡም» አለ ሥዩም። ራሱም ደስ አላለውም፤ ግን አለው።

የአግዳሚዋ ሰዎች መጀመሪያ ላይ በሩ ድረስ እየመጡ ያስጠሩት ነበር። ራሺድ ወጥቶ ስለ ጤና፣ ስለ ልጆች ያወራና ወሬው ሲጠየቅ ነገር ያዞራል። ቀስ በቀስ መምጣቱን ተዉት። አርብ መስጊድ ሲገናኙ ግን ይጠይቁታል። «ኦዱ?» ማለታቸውን አላቋረጡም፤ እሱም «ሥራ በዝቶ» እያለ ያልፋል። ያቺ ጥያቄ እስካለች ድረስ የነሱ ሰው መሆኑን ያውቅ ነበር። ተምሬ እስክመለስ ነው፣ ከዚያ በኋላ ሁሉንም እክሳቸዋለሁ ይላል ለራሱ።

በ1976 የበልጉ ዝናብ ቀረ። ሣሩ አለቀ፣ ጉድጓዶቹ ወረዱ። ሰው ሁሉ ሀጋያን፣ የመስከረምና የጥቅምቱን አጭር ዝናብ፣ መጠበቅ ያዘ። ዓመቱ ተለወጠ፤ መስከረም እያለቀ ሳለ አንድ ጠዋት የአሬሮው ኦፕሬተር ጂሎ በሬዲዮው ውስጥ ድምፁ ሌላ ሆኖ መጣ።

«ራሺድ፣ ሌሊቱን ሲያወርደው አደረ። ትናንትም ነበር። ሜዳው ጭቃ ሆኗል፣ አውሮፕላን አይምጣ። ሰማህ? ዘነበ ነው የምልህ።»

ራሺድ ማዳመጫውን ከጆሮው አውልቆ ተነሥቶ ቆመ። ሊሮጥ ፈልጎ ነበር፤ ወዴት እንደሚሮጥ ግን አላወቀም። ዶሎን ጠራ፤ ዶሎ ደረቅ ነው፣ ጠብታ የለም አሉት። ወጥቶ ለፈረንጁ አለቃ ነገረው። ፈረንጁ አሬሮ አደን ሊሄድ ተዘጋጅቶ ነበርና ከንፈሩን ነከሰ። «እንግዲያው ዶሎ ሄደን ዓሣ እናጠምዳለን» አለ። የዝናቡ ወሬ ያገለገለው ለዚህ ነበር። የዓሣ መንጠቆዎቹን ወደ መኪናው መጫን ጀመሩ።

ዳዳቻ በዚያው ሰዓት መጥቶ፣ «አብዱባ በር ላይ ናቸው» አለው።

ሽማግሌው ከአጥሩ ውጭ ዱላቸውን ተደግፈው ቆመው ነበር። ከስተዋል። ሰላምታው እንደ ደንቡ ረዘመ፤ ራሺድ ግን በየመሃሉ ወደ ኋላው ይገላመጥ ነበር። ከኋላው ሥዩም ከመኪናው አጠገብ ቆሟል፤ ኦሮምኛ አያውቅም፣ ግን አሬሮ የሚለውን ስም ማን ያጣዋል? ገና በዚያው ሳምንት፣ «ለትምህርቱ ስምህ ተነሥቷል፣ አደራህን ራስህን ጠብቅ» ብሎት ነበር።

«ከብቱ አልቻለም» አሉ አብዱባ። «ዛሬ ካልተነሣን አይነሣም። አንድ መንገደኛ በአሬሮ በኩል መብረቅ አየሁ ብሎኛል፤ እሱም እርግጠኛ አይደለም። በዚያ በኩል ካልዘነበ የሚሻለው ወደ ገናሌ ወንዝ ወርዶ በዶሎ መንገድ መሄድ ነው። ሣር ባይኖር ውሃ አለ። ሁለቱን መሞከር አይቻልም። አንተ ግን ከሁሉም ጋር የምትነጋገር ነህ። ያ ጉርባ፣ ኦዱ?»

«ልነግርዎ አልችልም» ቢላቸው ኖሮ ይበቃ ነበር። ዝም ብሎ መሬት መሬት ቢያይ እንኳ አብዱባ ጉዳዩን ይረዱት ነበር። ራሺድ ግን ሥዩምን አየ፣ አንቴናውን አየ፣ በሐሳቡ የሚሳፈርባትን አውሮፕላን አየ።

«ናጋ ነው፣ አቦ» አለ። «ኦዱ የለም።»

አብዱባ ራሳቸውን ነቀነቁ። በዚያ አገር ወሬ የለም ያለ ሰው ወሬ የለውም፤ ሌላ ትርጉም አይፈለግለትም። መሣሪያ የያዘው ልጅ ካልሰማ አሬሮ አልዘነበም ማለት ነው። «ጥሩ፣ ወደ ወንዙ ነን እንግዲህ» አሉ፤ መረቁትና ሄዱ።

ራሺድ ወደ ክፍሉ ተመልሶ ምሳው ቢመጣለት አልነካውም። ነገ ሰው እልካለሁ፣ ዳዳቻን እልካለሁ ሲል ዋለ። በማግስቱ፣ ከዚያም በማግስቱ፣ ሊልክ እያሰበ ሳይልክ ቀረ። ፈሪ ሰው ሁልጊዜ ነገ የሚባል መደበቂያ አያጣም።

ጥቅምት አጋማሽ ላይ ፈረንጁ አለቃ ከአዲስ አበባ የመጡ እንግዶች ይዞ በመኪና ወደ ዶሎ ወረደ። ከሰዓት በኋላ ከመኪናው ሬዲዮ ጠራ። ድምፁ የተሰላቸ ሰው ድምፅ ነበር። መንገዱ ዳር ለዳር የሞተ ከብት ሞልቷል፤ ሽታው አይቻልም፤ እንግዶቹ ታመዋል፤ በዚህ መንገድ አንመለስም፣ አውሮፕላን ላኩልን አለ። በረዶም ጨምሩ አለ። ራሺድ መልእክቱን ለአዲስ አበባ ቃል በቃል አስተላለፈ። «የሞተ ከብት» የምትለውን ሲናገር ምላሱ ታሰረና አዲስ አበባ ያለው ኦፕሬተር «ድገመው» አለው። ደገመው። አውሮፕላኗ ወዲያው ተነሣች። ለሽታ ሲሉ አውሮፕላን አስነሡ፤ ለከብቱ ግን አንዲት ቃል ተነፍጋ ነበር። ራሺድ ኩባንያውን የጠላው ያን ጊዜ ነው፤ ከኩባንያው ይልቅ ግን ራሱን ጠላ።

ማታ ቤቱ ሲገባ ከእናቱ ደጅ የነበረችው ላም፣ የአብዱባ ላም የልጅ ልጅ፣ በቦታዋ የለችም። መሱዳ ጨርቅ እያጠፈች ነበር።

«ላሚቱስ፣ እማ?»

«ለአብዱባ መለስኩለት» አለች። «ከብቶቹ ሁሉም አልቀውበታል። ሣሩ በአሬሮ በኩል ጉልበት ደርሷል ይላሉ፤ እሱ ወደ ወንዙ ወርዶ አለቁበት። ከመሄዱ በፊት አንተን ጠይቆህ ነበር አሉ። እውነት ነው?»

ራሺድ ጫማውን ሊያወልቅ ጎንበስ አለ። መሱዳ ጨርቁን አጥፋ ስትጨርስ እራቱን አቀረበችለት። እናት ናት፣ እራት አልከለከለችውም። ስለ ውሎው ግን ምንም አልጠየቀችውም፤ ከዚያ ቀን በኋላ እስክትሞት ድረስ ጠይቃው አታውቅም።

ትምህርቱን አዲስ አበባ ያለ የአንድ ትልቅ ሰው ዘመድ ወሰደው። ሥዩም ሊነግረው ሲመጣ ዓይኑን መሬት ላይ ተክሎ፣ «እኔንም ስንት ጊዜ ተስፋ ሰጥተው ትተውኛል መሰለህ» አለ። ራሺድ በዚያው ሳምንት ሥራውን ለቀቀ። ኩባንያውም ውሉ አልቆ ፍሪጁን፣ ጄኔሬተሩን፣ ሬዲዮዎቹን ጭኖ ሲሄድ አንቴናውን ብቻ ትቶ ሄደ። አሞራ ሰፈረበት።

አብዱባን ግን ጎሳቸው እንደ ደንቡ አልጣላቸውም። አንዱ ጊደር፣ ሌላው ወይፈን እያዋጣ ዳግመኛ አቋቋማቸው። የሰጡት ሰዎች ራሳቸው ብዙ የቀራቸው አልነበሩም።

ራሺድ ሱቁን ከፈተ፤ አግዳሚዋን አጥቦ አወጣ። ሬዲዮ የተበላሸበት መጣ። ከፍቶ ሲፈትሽ ሰዎች ቆም ይላሉ፤ ዜናው አማርኛ ሲሆንባቸው ግን ወደሱ አይዞሩም። ከወዲያ ማዶ የሚያልፈውን የትምህርት ቤት መምህር ጠርተው፣ «ምን አለ?» ይላሉ። መጀመሪያ ሰሞን ራሺድ ሳይጠየቅ ይተረጉም ነበር። በትሕትና አንገታቸውን ዝቅ አድርገው ይሰሙታል፤ ሲጨርስ «ናጋ» ብለው ይሄዳሉ። በኋላ እሱም ተወው። ሰው መሃል ተቀምጦ ብቸኛ መሆን እንዲህ ነው፤ የሚጣሉት ሰው እንኳ የለም።

ዓመታት ሄዱ። በ1983 ግንቦት ላይ መንግሥት ተለወጠ፤ ወታደሩ ከተማውን ጥሎ ወጣ። ዝናቡም ዘግይቶ ነበር፤ ነገሌ ላይ ገና ጠብ አላለም። አንድ ጠዋት ራሺድ ከሥራው ቀና ሲል አብዱባን አግዳሚዋ ላይ ተቀምጠው አያቸው። ሸብተዋል። የአማቻቸውን ሬዲዮ በጨርቅ ጠቅልለው ይዘዋል።

«አካም፣ ያ ጉርባ?»

«ናጋ፣ አቦ። ናጋ።»

ሬዲዮውን ተቀበለ። ምንም የከበደ ነገር የለውም፣ የባትሪ ድንጋዩ ፈስሶ ሽቦውን በልቶታል። ራሺድ ግን ሆን ብሎ እጁን አዘገየ። ጠርጎ፣ በይዶ፣ ክዳኑን አጥብቆ ሲያበቃ የሬዲዮው ድምፅ ጠራ። ሰጣቸውና ከፊታቸው ቁጢጥ አለ። ስንት ዓመት ሲለማመደው የኖረው ይቅርታ ሊመጣለት አልቻለም። የመጣለት ያ አሮጌ ጥያቄ ነው። እሳቸው እንኳ ባይጠይቁኝ እኔ ልጠይቃቸው አለ በልቡ።

«አቦ» አለ። «ኦዱ?»

አብዱባ ሬዲዮውን በጨርቁ መልሰው ጠቀለሉ። ፊታቸው ላይ ቁጣ አልነበረም።

«ናጋ ነው» አሉ ለስለስ አድርገው። «ኦዱ የለም።»

ዱላቸውን ተደግፈው ተነሡ፤ መረቁትና በገበያው መሃል አልፈው ሄዱ። ራሺድ ዓይኑ በበረባሷቸው ላይ ቀረ። ሁለቱም በረባሶች እስከ ማሰሪያቸው ድረስ ገና ያልደረቀ ቀይ ጭቃ ነበረባቸው፤ በመጡበት በኩል ዝናብ ጥሏል ማለት ነው። ከአግዳሚዋ ስርም፣ እግራቸው በነበረበት፣ ከጭቃው ጥቂት ቀርቷል። ራሺድ ቁጢጥ እንዳለ ሲያየው ቆየ፤ በማግስቱም ደጃፉን ሲጠርግ ያቺን ቦታ ዘለላት።